«የብር ቢላዋ» ስንል ምን ማለታችን ነው?
ስለ ጥንታዊ የእንግሊዝ የገበታ ቢላዎችና የሥጋ መቁረጫዎች አተረጓጐም የቀረበ ሂስ

በእንግሊዝ አገር የሚገኝ የአንድ ቤት የገበታ ዕቃ ዝርዝር ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። ዝርዝሩ የተተረጐመው ዕቃውን በውርስ ለሚካፈሉ አማርኛ አንባቢዎች ነው። ተርጓሚው በቋንቋ ዕውቀቱ የሚታማ ሰው አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ቀና፣ ቁጥሮቹም ያልተዛነፉ ናቸው። ይሁን እንጂ ዝርዝሩን በአማርኛው ብቻ ያነበበ ወራሽ የሌለውን ብር እንዳለው፣ ያለውንም ብር እንደሌለው አድርጎ ሊረዳ ይችላል። የጥፋቱ ምንጭ ሰዋስው አይደለም፤ ስያሜ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ለሙያ ባልደረቦቻችን፣ ይልቁንም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች፣ ዘርዘር አድርገን ለማቅረብ ወደድን።

ለሂሳችን መነሻ የሚሆኑት ሦስት መስመሮች ናቸው። የመጀመሪያው «ዐሥራ ሁለት የጠረጴዛ ቢላዎች፤ ከንጹሕ ብር የተሠሩ፤ የተጫነ እጀታ ያላቸው» ይላል። ሁለተኛው «ባለ ሦስት ክፍል የቅርጻ ቅርጽ መሣሪያ፤ ቢላዋ፣ ሹካና ብረት» የሚል ነው። ሦስተኛው «የቤተሰቡ ሳህን፤ ጠቅላላ ክብደቱ 100 ወቄት» ይላል። በእነዚህ መስመሮች ውስጥ ከመዝገበ ቃላት ያልተገኘ ቃል የለም። ሆኖም ከሦስቱ አንዱም መስመር ዕቃውን አይገልጽም።

በመጀመሪያ «ስተርሊንግ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ተርጓሚው «ንጹሕ ብር» ብሎታል። በእንግሊዝ ሕግ ስተርሊንግ ማለት ከ1000 እጅ 925 እጁ ብር የሆነ ቅይጥ ነው፤ የቀረው 75 እጅ ብዙውን ጊዜ መዳብ ነው። በጥንቱ አቈጣጠር 12 አውንስ ከሚመዝነው ቅይጥ 11 አውንስ ከ2 ፔኒዌይቱ ብር ይሁን ይባል ነበር፤ አንዱ አውንስ 20 ፔኒዌይት ስለሆነ ሒሳቡ ያው 925 ይመጣል። መዳብ የሚጨመርበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ያልተቀየጠ ብር ለስላሳ በመሆኑ በየዕለቱ ለሚያዝ ዕቃ አይበረታም። እንግዲህ ስተርሊንግ ንጹሕ ብር አይደለም፤ የቅይጡ መጠን በሕግ የተወሰነ ብር ነው። በዚያው በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1697 እስከ 1720 ድረስ «ብሪታኒያ» የተባለው ከፍ ያለ ልክ፣ ይኸውም ከ1000 እጅ 958 የሚሆነው፣ በብር ዕቃ ሠሪዎች ላይ ግዴታ ሆኖ ነበር። ስተርሊንግን «ንጹሕ» ካልን ይህንን ምን ልንለው ነው? «ከንጹሕም የበለጠ ንጹሕ» ልንል ነው?

በአማርኛ ችግሩን የሚያከብደው «ብር» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ከግእዙ «ብሩር» ጋር የሚዛመደው ይህ ቃል የማዕድኑም የገንዘባችንም ስም ነው። ለብዙ ዘመን በአገራችን ሲዘዋወር የኖረው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 28.07 ግራም ያህል ሲመዝን፣ የብሩ ልክ ከ1000 እጅ 833 ነው፤ ከስተርሊንግ ያንሳል ማለት ነው። አንጥረኛው ጠገራውን አቅልጦ የሠራው መስቀልና አምባር ግን «የብር» ተብሎ ተጠርቷል፤ በትክክልም ተጠርቷል። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ግማሽ ጨረቃና ዘውድ የሚታተምበት የብር ዕቃ ዝቅተኛው ልክ 800 ነው፤ እሱም ብር ነው። እንግዲህ «ብር» የሚለው ቃል ብቻውን ስለ ልኩ የሚነግረን ነገር የለም። «ንጹሕ» የሚለውን ቅጽል ስንጨምርበት ደግሞ ዋናው ጽሑፍ ያላለውን እናስብለዋለን።

ይሁንና ከሁሉ የሚከፋው የልኩ ጉዳይ አይደለም። የሚከፋው «ከብር የተሠሩ ቢላዎች» መባሉ ነው። ማንኪያና ሹካ ከአንድ ወጥ ብር ተቀጥቅጠው ይሠራሉ። የገበታ ቢላዋ ግን እንዲህ አይደለም። ብር ሥጋ ለመቁረጥ የሚበቃ ስለት ስለማይዝ፣ የሚቈርጠው ክፍል አረብ ብረት ነው። እጀታውም ቢሆን ድፍን ብር አይደለም። ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በተለመደው አሠራር ስስ የብር ቆርቆሮ በቅርጽ ማውጫ ላይ ተመትቶ ሁለት ግማሾች ይወጡታል፤ ግማሾቹ ተገጣጥመው ይበየዳሉ፤ ባዶው ውስጥም በሙጫና በቅጥራን መሰል ድብልቅ ይሞላል። የስለቱ ጅራት በትኩሱ ሙሌት ውስጥ ይሰካል፤ ሙሌቱ ሲቀዘቅዝ ጠንክሮ ይይዘዋል። እንግሊዞች «ሎዲድ» የሚሉት ይህንን መሙላት ነው። ተርጓሚው የቃሉን የመጀመሪያ ፍች ብቻ ይዞ «የተጫነ» ስላለው፣ የአማርኛ አንባቢ በእጀታው ላይ የተጫነውን ዕቃ ሲፈልግ ሊውል ነው።

እዚህ ላይ የቃል ስሕተት ወዲያውኑ የገንዘብ ስሕተት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ቢላዋ በሚዛን ላይ ብናኖረው ከሚመዝነው የሚበዛው የብረቱና የሙሌቱ ነው። በእንግሊዝ የሐራጅ ዝርዝሮች የብር ዕቃ ክብደት ሲጻፍ ቢላዎቹን ከሚዛኑ ማውጣትና ይህንኑ መግለጽ የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው። «ዐሥራ ሁለት የብር ማንኪያ፣ ዐሥራ ሁለት የብር ሹካ፣ ዐሥራ ሁለት የብር ቢላዋ» ተብሎ በአንድ ረድፍ ሲጻፍ ግን አንባቢው ሦስቱን እኩል ይገምታል። ከወራሾቹ አንዱ ማንኪያውን፣ ሌላው ቢላዋውን ቢወስዱ ክፍፍሉ ትክክል ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ስያሜው በቤት ውስጥ አያያዝም ላይ ለውጥ ያመጣል። እጀታው ባለ ሙሌት መሆኑን ያወቀ ሰው ቢላዋውን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ አይተወውም፤ ሙሌቱ ይለሰልስና ስለቱ ይላቀቃልና። ድፍን ብር የመሰለው ሰው ግን ይዘፈዝፈዋል።

የስለቱም ዕድሜ ከእጀታው ዕድሜ ጋር ላይገጥም ይችላል። የጥንቱ አረብ ብረት የሚዝግ ስለነበረ፣ በየጊዜውም ስለሚሳል፣ ያልቃል። የማይዝግ ብረት በሼፊልድ ከተማ በሃሪ ብሬርሊ እጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ስለዚህ እጀታው በ1780ዎቹ የተሠራ፣ ስለቱ ግን የማይዝግ ብረት የሆነ ቢላዋ ብናገኝ፣ ስለቱ ኋላ የተተካ መሆኑን ያለ ጥርጥር እናውቃለን። «የ1780ዎቹ የብር ቢላዋ» ብሎ የሚተረጕም ሰው በአንድ ሐረግ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ ቢላዋው በሙሉ ብር አይደለም፣ በሙሉም የ1780ዎቹ አይደለም።

ስለቱ ራሱ ብር የሆነ ቢላዋ የለም ማለታችን ግን አይደለም። የፍራፍሬና የዓሣ ቢላዎች ስለታቸው ብዙ ጊዜ ብር ነው። የፍራፍሬና የሎሚ ጎምዛዛ ከጥንቱ አረብ ብረት ጋር ሲገናኝ ብረቱን ያጠቍራል፣ ጣዕሙንም ያበላሻል፤ ለስላሳ ዓሣና ፍሬ ለመለየት ደግሞ የሰላ ብረት አያስፈልግም። «የብር ቢላዋ» የሚለው ስም በሙሉ ትርጕሙ የሚገባው ለእነዚህ ነው። ለገበታው ቢላዋም ይህንኑ ስም ከሰጠን፣ ብር ስለት ያለውን ለይተን የምንጠራበት ስም እናጣለን።

አንድ አንባቢ «እንግሊዞቹስ ራሳቸው የብር ቢላዋ ይሉ የለምን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። አዎን፣ ይላሉ። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ቃሉ የጐደለውን የሚሞላ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም በዕቃው ላይ የታተመው ምልክት፣ «ሆልማርክ» የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው በለንደን ካለው የወርቅና የብር ሠሪዎች ማኅበር አዳራሽ ነው። ምልክቱ እንደ ዐረፍተ ነገር ይነበባል። የሠሪው የስም ፊደላት ማን እንደሠራው ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1544 ጀምሮ የሚታተመው የሚራመድ አንበሳ ብሩ ስተርሊንግ መሆኑን ይመሰክራል። የከተማው ምልክት የት እንደተመረመረ ይገልጻል፤ የለንደን የነብር ራስ፣ የበርሚንግሃም መልሕቅ፣ የሼፊልድ ደግሞ እስከ 1974 ዘውድ ነበር፣ ከ1975 ወዲህ ጽጌረዳ ነው። የበርሚንግሃምና የሼፊልድ መመርመሪያ ቤቶች ሁለቱም የተቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1773 ነው። አንዲት ፊደል ደግሞ ዓመቱን ታመለክታለች፤ ይህ የዓመት ፊደል በለንደን ከ1478 ጀምሮ የነበረ ሲሆን ከ1999 ወዲህ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ከ1784 እስከ 1890 በተሠሩት ላይ የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ራስ ከታተመ ቀረጡ መከፈሉን ያስረዳል።

እንግዲህ እንግሊዛዊው ገዢ «የብር ቢላዋ» የሚለውን ልቅ ስም ሲሰማ ዕቃውን ገልብጦ ያያል። የብሩን ምልክት በእጀታው ላይ ያገኘዋል፤ በብረቱ ስለት ላይ የሚያየው የቢላዋ ሠሪው ስምና «ሼፊልድ» የሚለው ጽሑፍ የብር ምልክት አለመሆኑንም ያውቃል። በእርሱ ዘንድ ቃሉ ቢሳሳት ዕቃው ያርመዋል። ወደ አማርኛ የሚሻገረው ግን ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ምልክቱ በዕቃው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ምልክቱ ይሠራው የነበረውን ሥራ የአማርኛው ስያሜ እንዲሠራው ግድ ነው። የዚህ ሂስ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። የዋናው ቋንቋ ልቅነት ለትርጕም ልቅነት ማመኻኛ ሊሆን አይችልም፤ ዋናው የተማመነበትን ነገር ትርጕሙ አላገኘውምና።

ወደ ሦስተኛው መስመር እንለፍ። «ፕሌት» የሚለውን ቃል ተርጓሚው «ሳህን» ብሎታል። በዚህ አገባብ ግን «ፕሌት» ሳህን አይደለም፤ የቤተሰብ የወርቅና የብር ዕቃ ሁሉ የሚጠራበት የቈየ የወል ስም ነው። ከሳህን የሸሸ ሌላ ተርጓሚ ደግሞ «የተለበጠ ዕቃ» ብሎ ቢመልሰው ጥፋቱ ይብሳል፤ እውነተኛውን ብር ወደ ልብጥ ያወርደዋልና። ይኸው ቃል «ሼፊልድ ፕሌት» ሲባል ግን ልብጥ ማለት ነው። ይህ አሠራር በ1740ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ቦልሶቨር በሼፊልድ የጀመረው ሲሆን፣ የብር ገጽ በመዳብ ላይ በሙቀት ተጣብቆ አብሮ ይዳመጣል። እ.ኤ.አ. በ1840 በበርሚንግሃም ኤልኪንግተኖች የፈጠራ መብት ያገኙበት የኤሌክትሪክ አሠራር ደግሞ ተሠርቶ ባለቀ ዕቃ ላይ ብርን ይቀባል። አማርኛ እነዚህን ለመለየት ቃል አላጣም። የመጀመሪያውን «ልብጥ»፣ የኋለኛውን «ብር ቅብ» ብንላቸው፣ «የብር ዕቃ»ን ደግሞ ለእውነተኛው ብር ብንተው፣ በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል የተጨናነቁት ሦስት ነገሮች በእኛ ቋንቋ ተለይተው ይቆማሉ።

እዚህ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.» የሚሉት አራት ፊደላት ተራርቀው በትንንሽ ጋሻ ውስጥ ሲታተሙ የብር ምልክት ይመስላሉ። ፊደላቱ የሚያመለክቱት ግን «ኒኬል ሲልቨር» በሚባል ማዕድን ላይ በኤሌክትሪክ የተቀባ ብርን ነው። «ኒኬል ሲልቨር» ደግሞ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን በውስጡ ብር የለበትም፤ ሲልቨር የተባለው በመልኩ ነው። ይህንን «የኒኬል ብር» ብሎ መተርጐም በእንግሊዝኛ የተፈጸመን ማሳሳት በአማርኛ መድገም ነው። «ነጭ ናስ» ቢባል ግን መልኩንም ባሕርዩንም ይገልጻል፤ ማንንም አያታልልም።

በዚሁ መስመር «አውንስ» ወደ «ወቄት» ተመልሷል። ወቄት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት፣ ማለትም 28 ግራም ያህል ነው። ብር የሚመዘንበት ትሮይ አውንስ ግን 31.1 ግራም ነው። ልዩነቱ በአንዱ 3 ግራም ቢሆንም በ100 ሲባዛ 300 ግራም ያህል ይሆናል፤ ወራሹም ያንን ያህል ብር በወረቀት ላይ አጣ ማለት ነው። አገርኛ ቃል መምረጥ የሚመሰገን ነው። የመለኪያ ስም ግን መጠኑን ይዞ ካልተሻገረ አገርኛነቱ ጥቅም የለውም። ከዚህም በላይ በዋናው ላይ «የሚመዘን ብር» የሚል ሐረግ ነበረ። ተርጓሚው ትርፍ መስሎት ትቶታል። ትርጕሙም ቢላዎቹ በሚዛኑ ውስጥ አለመግባታቸው ነበር።

የቀረን ሁለተኛው መስመር ነው። «ካርቪንግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንጨትና ድንጋይ መቅረጽንም፣ የበሰለ ሙሉ ሥጋን በገበታ ላይ መቁረጥንም ይጠቁማል። አማርኛ ሁለቱን በተለያየ ቃል ይጠራቸዋል። ተርጓሚው ከፊቱ ሹካ ተጽፎ እያየ «የቅርጻ ቅርጽ መሣሪያ» ማለቱ ያስገርማል፤ ቀራጺ በሹካ አይቀርጽምና። «የብልት ማውጫ» ይባል የሚሉ ባልደረቦችም አሉ። ሐሳቡ ከቤታችን ልማድ የተወሰደ በመሆኑ ያስደስታል፤ ግን አይገጥምም። ብልት ማውጣት፣ ዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት ስትወጣ እንደምናየው፣ ከመብሰሉ በፊት በማድ ቤት የሚሠራ፣ መገጣጠሚያን እየተከተለ የሚሄድ ሥራ ነው። የእንግሊዙ ልማድ ግን በስሎ የመጣውን ሙሉ ሥጋ በተመጋቢዎች ፊት በስሱ እየቈረጡ ማደል ነው። መክተፍም መዘልዘልም አይደለም። እኛ «የገበታ ሥጋ መቁረጫ» የሚለውን እንመርጣለን፤ የት፣ ምን፣ ለምን የሚሉትን ጥያቄዎች በሦስት ቃል ይመልሳልና።

የዚህ ዕቃ ሦስተኛ ክፍል «ብረት» ተብሏል። ቢላዋውም፣ የሹካው ጣቶችም አረብ ብረት ሲሆኑ ሦስተኛውን ብቻ ብረት ማለት ምንም አይገልጽም። ዕቃው የቢላዋውን ስለት በመቁረጥ መካከል የሚያቀኑበት ድቡልቡል ዘንግ ነው። ሞረድ ብንለው ይቀርበዋል፤ ነገር ግን ሞረድ ብረትን ፍቆ የሚበላ ነው፤ ይህ ግን የተጣመመውን የስለት ጠርዝ መልሶ የማቃናት ሥራው ያመዝናል። «መሳያ ዘንግ» የሚለው ይሻላል። ይህ የሥጋ መቁረጫ ስብስብ እጀታው ብዙ ጊዜ የአጋዘን ቀንድ ሲሆን፣ ብር የሚሆነው ቀንዱና ብረቱ የሚገናኙበት አንገትጌና የጫፉ ክዳን ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን «የብር መቁረጫ» ብሎ መጥራት ዕቃውን በቀለበቱ መሰየም ነው።

«ጠረጴዛ» የሚለውም ቃል ጥቂት ማረሚያ ይሻል። በእንግሊዝኛው «ቴብል» የተባለው የቤት ዕቃውን ለማመልከት አይደለም፤ ለዋናው ምግብ የሚቀርበውን ትልቁን ቢላዋ ለፍራፍሬና ለጣፋጭ ከሚቀርበው ትንሹ ለመለየት ነው። «ገበታ» የሚለው ቃላችን ምግቡንና ሥርዐቱን ስለሚያስታውስ «የገበታ ቢላዋ» ቢባል ይስማማል፤ ትንሹም «የፍራፍሬ ቢላዋ» ተብሎ በአጠገቡ ይቆማል።

በመጨረሻም ሊነሣብን የሚችለውን ተቃውሞ እንመልስ። «አማርኛውን በረዥም ሐረግ አታስጨንቁት፤ የብር ቢላዋ ሲባል ሰው ይገባዋል» የሚሉን ይኖራሉ። በልብ ወለድ ውስጥ አንዲት እመቤት የብር ቢላዋዋን ብታነሣ እኛም አንቃወምም፤ እዚያ ቃሉ የሚያገለግለው ለወግና ለማዕርግ ነው። በውርስ ዝርዝር፣ በሐራጅ መዝገብ፣ በጉምሩክ ወረቀትና በሙዚየም መግለጫ ላይ ግን ቃሉ የሚያገለግለው ለሚዛንና ለዋጋ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያሉ ወረቀቶች በየጊዜው ይደርሷቸዋል፤ ተርጓሚውም የሚጠራው ወረቀቱን ለማያነብ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው አንባቢ ሁለት ቃል መጨመር ማስጨነቅ አይሆንም።

በዚህ መሠረት ሆልማርክን «የልክ ማኅተም» እንድንለው ሐሳብ እናቀርባለን። «የአዳራሽ ምልክት» ቃል በቃል ነው፤ «የፈተና ማኅተም» ደግሞ ዛሬ አንባቢውን ወደ ትምህርት ቤት ይወስደዋል። «ስተርሊንግ» የአንድ ሕጋዊ ልክ መጠሪያ ስለሆነ ስሙ እንዳለ ይጻፍ፤ በመጀመሪያ ሲጠቀስም ቁጥሩ ይከተለው። ለቢላዋ ደግሞ ስለቱና እጀታው ለየብቻ ይሰየሙ። ሦስቱ መስመሮች በዚህ ስልት ሲታረሙ እንዲህ ይነበባሉ።

«ዐሥራ ሁለት የገበታ ቢላዎች፤ ስለታቸው አረብ ብረት፤ እጀታቸው ከስስ ስተርሊንግ ብር፣ 925 ልክ፣ ባለ ሙሌት።»

«የገበታ ሥጋ መቁረጫ፤ ቢላዋ፣ ሹካና መሳያ ዘንግ፤ እጀታቸው የአጋዘን ቀንድ፣ አንገትጌያቸው ብር።»

«የቤተሰቡ የብር ዕቃ፤ ቢላዎቹ ሳይቈጠሩ 100 ትሮይ አውንስ፣ ማለት 3110 ግራም።»

ከተሻሉ ስያሜዎች ጋር የሚመጣ ባልደረባ ቢኖር በደስታ እንቀበለዋለን። አንድ ነገር ግን እንዲጠበቅ እንጠይቃለን፤ የሚቀርበው ስያሜ በዕቃው ውስጥ ብሩ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚናገር ይሁን።